ቀይዋን የመረጥኩ ቀን

ባለፈው ወር ዓይኔን ልታይ አምቦ ውስጥ አንድ ክሊኒክ ወረፋ ይዤ ነበር። ወረፋ ለእኔ ቅጣት ነው። ዛሬ ጉልበቴ ከድቶኝ እንኳ አንድ ቦታ ረግቼ መቀመጥ አይሆንልኝም፤ ድሮማ አይወራ። ጂኦግራፊ ሳስተምር ከሰሌዳው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ በሩ ስመላለስ ተማሪዎቼ «ሞተር» ብለው ስም አውጥተውልኝ ነበር። ያን ዕለትም አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ቀኝ እግሬ ወለሉን ይደበድባል። ከጎኔ ነጠላ ተከናንበው የተቀመጡ ሴትዮ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «እግሩን ማሳረፍ የማይችል ሰው በዕድሜዬ አንድ ብቻ ነው የማውቀው» አሉ። ድምፁን ለየሁት። አያንቱ ነበረች። አንድ መንገድ ዳር በሚኖሩ ሁለት ሰዎች መካከል አርባ ዓመት ያህል እንዴት እንዳለፈ አይገባኝም፤ ግን አልፏል።

«አካም ጅርታ፣ ገመቹ?» አለችኝ። ደኅና ነኝ አልኩ። ስለ ጉልበት፣ ስለ ስኳር በሽታ፣ ስለ ልጅ ልጆች አወራን። አሁንም ጊንጪ፣ በአባቷ ቤት ነው የምትኖረው። ባለቤቴ ካረፈች ሁለት ዓመት እንደሆናት ስነግራት እጄን ያዝ አድርጋ ለቀቀችው። ስሟ ተጠርቶ ከተነሳች በኋላ ቆም አለችና፣ «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያን ቀን ምን አቆየህ?» አለችኝ። የቱ ቀን ብዬ አልጠየቅኳትም። «ኬላው ነዋ» አልኩ፤ ወዲያው፣ መልሱ ምላሴ ላይ ተቀምጦ ሲጠብቃት እንደኖረ ሁሉ። «እሺ፣ ኬላው» ብላ ገባች። እኔ ተራዬን ትቼ ወጣሁ፤ ዓይኔም እስካሁን አልታየም።

በዚያው ሰሞን የእህቴ ልጅ ሌንሴ ከአዲስ አበባ መጣች። ባንክ ነው የምትሠራው፤ ደመወዟን አጠራቅማ መኪና ልትገዛ ነው። ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና ሁለት መኪናዎች አሳየችኝ። ሁለቱም ባለ ሁለት በር ናቸው። አንዷ ትንሽ፣ አጭር፣ መሬት ልትስም የደረሰች፣ ለሩጫ የተሠራች። ሌላዋ ረዘም ፈርጠም ያለች፣ አገር ለአገር ለመሄድ የተሠራች። «ኤሱማ፣ እርስዎ መኪና ያውቃሉ፤ የቷን ልግዛ?» አለችኝ። የእናት ወንድም ስለሆንኩ ኤሱማ ነው የምትለኝ። ብድግ ብዬ ወጣሁና እስከ ሁሉቃ ድልድይ ሄጄ ተመለስኩ። ደግሜ ሄድኩ። ልጅቷ አዲስ ጥያቄ የጠየቀች መስሏታል። እኔ ግን ሁለቱንም መኪናዎች አውቃቸዋለሁ፤ የተለወጠው ቀለማቸውና ዋጋቸው ብቻ ነው።

ዓመተ ምሕረቱን ከእኔ አትጠብቁ። የማስታውሰው ቤልቦተም ሱሪ አዲስ አበባ ላይ እየተረሳ፣ አምቦ ላይ ግን ገና እየከበረ እንደነበር ነው። የእኔን የሰፋልኝ ልብስ ሰፊ ከታች በኩል ጨርቅ እንዳይቆጥብ ተለምኖ ጫማዬ ጨርሶ እስኪሸፈን አስፍቶልኛል። ስኳር በቀበሌ፣ ቤንዚን በኩፖን ነበር። ሻይ በዳቦ ሃያ አምስት ሳንቲም ከፍለን ግማሽ ቀን ስንቀመጥ (እነሱ ሲቀመጡ ማለቴ ነው፤ እኔ ቆሜ ነው የምጠጣው) ባለቤቱ ፊቱን አያጠቁርብንም። ካሴት የሚሸጥበት ሱቅ ድምፅ ማጉያውን ወደ አስፋልቱ አዙሮ የክራር ዜማ ሲለቅ፣ ከፍል ውሃው መዋኛ ጸጉራቸው እንደረጠበ የሚመለሱ ልጃገረዶች እርምጃቸውን ቀነስ ያደርጋሉ። ዛሬ በዚያ ሱቅ ቦታ የስልክ ሽፋን ይሸጣል። ስለ ዘመኑ ሌላውን ነገር ሌሎች ይናገሩት። እኔ የምለው ሰው ከከተማ ከተማ ሲሄድ በየኬላው የሚያሳየውን የይለፍ ወረቀት ይዞ ነበር፤ የማያውቁት መኪና ደጁ ከቆመ ደግሞ ልቡ ይቆም ነበር። ይኸኛውን ልብ በሉልኝ።

አያንቱ ጊንጪ አስተማሪ ነበረች። ያወቅኳት ደንዲ ላይ በተደረገ የመምህራን ስብሰባ ነው፤ ስብሰባው ሰልችቶኝ ስወጣ እሷም ወጥታ ሐይቁን ቁልቁል ስታይ አገኘኋት። አባቷ ኦቦ ፈይሳ ወንጌላዊ ነበሩ። ጸሎት ቤታቸው ታሽጎ ቁልፉ ቀበሌ ስለገባ፣ እሑድ እሑድ ከቤተሰቡና ከሁለት ሦስት ጎረቤት ጋር እቤታቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይዘምራሉ። መዝሙሮቹ የራሳቸው ናቸው። ከወጣትነታቸው ጀምረው በኦሮምኛ የደረሷቸውን፣ ከመቶ በላይ የሚሆኑ መዝሙሮች በግዕዝ ፊደል፣ በእጃቸው፣ ሰማያዊ ሽፋን ባለው ወፍራም ደብተር ላይ ጽፈዋቸዋል። ደብተሩ አንድ ብቻ ነበር። አያንቱ አንድ ጊዜ አሳይታኝ፣ «ከእኔ ቀጥሎ የሚወደው ይሄን ነው» አለችኝ። ወዲያው ደግሞ ሳቀችና፣ «ከዚህ ቀጥሎ የሚወደው እኔን ነው ብል ይሻላል» አለች።

እኔ ልጠይቃት ቆርጬ ነበር፤ ሽማግሌ ለመላክ ቀን እየመረጥኩ። በዚያው ሰሞን የሟቹ አባቴ የጭነት መኪና ተሸጦ ድርሻዬ ደረሰኝ። እናቴ «ቤት ሥራበት» አለችኝ። እኔ ቤት ምን ያደርግልኛል? ዓይኔ ያረፈው አቶ ከድር ግቢ ውስጥ ነበር። አቶ ከድር ከስልጤ አገር መጥተው አምቦ ላይ ሱቅ የከፈቱ፣ ጨርቅም የፋኖስ መስታወትም የሚሸጡ፣ ከተማው ሁሉ የሚያምናቸው ነጋዴ ናቸው። በዚያ ጊዜ ከአገር የሚወጡ ፈረንጆች «ሽጠህ ላክልን» ብለው አደራ የጣሉባቸው ሁለት መኪናዎች ቆርቆሮ ጥላ ሥር ጎን ለጎን ቆመዋል። አንዷ ቀይ፣ ትንሽ፣ የጉድጓድ ውሃ ሲቆፍር የነበረ ጎረምሳ ፈረንጅ ትቷት የሄደ። ሌላዋ የቅቤ ቀለም ያላት፣ ኮፈኗ ረጅም፣ ወንበሯ ቆዳ፣ የአንድ አረጋዊ የከብት ሐኪም ንብረት። ዋጋቸው ብዙም አይራራቅም ነበር፤ ምርጫውን በገንዘብ አሳብቤ ላመልጥ አልቻልኩም። «ሳምንት ሳምንት ንዳቸው» አሉኝ አቶ ከድር፤ «ሚስት እንዳትመስልህ፤ ይሄኛው ቀድሞ ይሞከራል።»

መጀመሪያ ትልቋን ወሰድኩ። ቅዳሜ ጊንጪ ሄጄ አያንቱን ከአውቶቡሱ መቆሚያ አለፍ ብላ ስትጠብቀኝ አገኘኋት። የፊት በሩን ስከፍትላት አልገባችም። ወንበሩን ወደፊት ገፍታ ከኋላ ገባችና ተቀመጠች። «ምነው?» አልኳት። «ዝም ብለህ ንዳ፤ ልየው» አለች። እንደ ሾፌር ብቻዬን ከፊት ተቀምጬ እስከ ጭልሞ ደን መገንጠያ ወሰድኳት። በስፖኪዮ አያታለሁ፤ አንዴ በስተቀኝ፣ አንዴ በስተግራ ትቀመጣለች፣ ራሷን ቀና አድርጋ ከጣሪያው ጋር ያለውን ክፍተት በእጇ ትለካለች። «አባባ እዚህ፣ እማማ እዚህ» አለች በመጨረሻ። «ሽማግሌዎቹም አብረው ይገቡባታል። ይቺን ግዛ፣ ገመቹ።» እሺ አልኳት። ደስ ብሎኝ ነው እሺ ያልኳት፤ መዋሸቴ አልነበረም። ሽማግሌዎቹ በሚቀጥለው ሳምንት እሑድ ከሰዓት በኋላ እንዲመጡ ተስማማን። እሷ ለእናቷ ሹክ ልትል፣ ለአባቷ ግን እንደ ደንቡ ሳትናገር፣ የቅቤዋን መኪና ከመስኮት ልትጠብቅ።

ከዚያ የቀይዋ ሳምንት መጣ። ምን ልበላችሁ! ስትነሳ ጩኸቷ ሆድ ውስጥ ይገባል። ወንበሯ መሬት ላይ የተነጠፈ ያህል ዝቅ ያለ ነው፤ እግር ዘርግተህ፣ መሪውን ይዘህ፣ ስትነዳ መንገዱ በመቀመጫህ በኩል ያናግርሃል። ማርሿ አጭር፣ ለእጅ የቀረበ። ከፊት ሁለት ሰው ትይዛለች፤ ከኋላዋ ያለው ወንበር ለስሙ ነው፣ ሁለት ቅርጫት ብርቱካን ብታስቀምጥበት ይሞላል። በዚያ ሳምንት ከትምህርት ቤት ስወጣ በየቀኑ ወደ ጉደር ቁልቁለት እወስዳታለሁ። ከአምቦ ጉደር ሩቅ አይደለም፤ ግን መንገዱ ይጠማዘዛል፣ ኩርባ ላይ ፍሬን ሳትነካ ማርሽ ቀንሰህ ስትገባ ያቺ ቀይ መኪና የልብህን የምታውቅ ትመስላለች። ዕድሜ ልኬን ሲያሳክከኝ የኖረው ነገር በእነዚያ ኩርባዎች ላይ ብቻ ጸጥ ይልልኝ ነበር። የወሩን የቤንዚን ኩፖን በአምስት ቀን ጨርሼ የጓደኛዬን ለመንኩ።

ቅዳሜ አቶ ከድር ዘንድ የሄድኩት የትልቋን ሊብሬ ላዛውር ነበር። ይኼን በእግዚአብሔር ስም እላለሁ። ቆርቆሮው ጥላ ሥር ስደርስ ግን አፌ «ቀይዋን» አለ። አቶ ከድር መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠረጉ። «ለማን ነው የምትገዛው፣ ልጄ?» አሉኝ። «ለራሴ ነዋ» አልኩ። «እሱማ ያስታውቃል» አሉ። ወረቀቱን ጻፉ። ለአያንቱ እንዳልነግራት ስልክ የለም፤ ደብዳቤ አይደርስም። ደግሞስ መኪና መኪና ነው፤ ምን ይለውጣል ብዬ ራሴን አባበልኩ። ሚያዝያ ነበር፤ ሰማዩ ከብዶ ሳይዘንብ ዋለ።

እኛ ዘንድ ሽማግሌ ሲላክ ወጉ እንዲህ ነው። ሦስት ሆነው ነው የሚሄዱት። አብረው ደርሰው፣ አብረው ከደጅ ቆመው፣ ግቡ ሲባሉም አብረው ይገባሉ። ጉዳያቸው እስኪሰማ ቁጭ አይሉም። ሦስቱም ሳይሟሉ የመጡበትን ነገር መተንፈስ ነውር ነው። ጠያቂው ልጅ ደግሞ ከነጭራሹ መታየት የለበትም። የእኔ ሽማግሌዎች አጎቴ ኦቦ ዲንሳ፣ አቶ ከድርና የአባቴ ወዳጅ ኦቦ ነገራ ነበሩ። ኦቦ ነገራ በመንገድ ሥራ ፎርማንነት ያረጁ፣ ቁመታቸው በር የሚያስጎነብስ፣ ከሥራ ዘመናቸው የተረፈውን ረጅም ካኪ ካፖርት ለክብር ቀን የሚለብሱ ሰው ናቸው።

እሑድ ሦስቱም አቶ ከድር ሱቅ በር ላይ፣ ሁለቱ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ኦቦ ነገራ ካፖርታቸውን ለብሰው ሲጠብቁኝ ቀይዋን አቆምኩላቸው። ኦቦ ዲንሳ መኪናዋን ዞሯት። «ሌላው ወንበር የት አለ?» አሉ። ከኋላ መሆኑን አሳየኋቸው። ዱላቸውን አስገቡ፣ አልገባም፤ አግድም አደረጉት፣ አልሆነም። «ዱላዬ ይግባ ወይስ እኔ? አንዳችንን ምረጥ» አሉኝ። ኦቦ ነገራ ከፊት ሲገቡ ጉልበታቸው ከመስታወቱ ሥር ያለውን ክሩስኮቶ ገፋው፤ ወንበራቸው እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ሲሄድ ከኋላ ድመት የምታድርበት ቦታ እንኳ አልቀረም። «በአውቶቡስ እንሂድ» አሉ አቶ ከድር። ተዉ አልኳቸው፤ የእኔ ሽማግሌዎች በአውቶቡስ! «ሁለት ጊዜ እመላለሳለሁ። ፈጣን ናት፤ ሳታውቁት እመለሳለሁ።»

ኦቦ ነገራን አደረስኩ። የኦቦ ፈይሳ ቤት ከአስፋልቱ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ባሕር ዛፍ ከልሎት ነው ያለው። መታየት ስለሌለብኝ ከመኪናው አልወረድኩም፤ ኦቦ ነገራ በግድ ተንፏቀው ወጡ፣ ካፖርታቸውን አስተካከሉ፣ ኮፍያቸውን አጠለቁ። «እናንተ እስክትደርሱ ከደጅ እቆማለሁ» አሉኝ። መኪናዋን አዙሬ ሄድኩ። ጎማዋ ጮኸ፤ በወቅቱ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚህ በኋላ ቤቱ ውስጥ የሆነውን የሰማሁት በኋላ ነው። ኦቦ ፈይሳ ደብተሩን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ከሚስታቸው፣ ከአያንቱና ከሁለት ጎረቤቶች ጋር በለሆሳስ እየዘመሩ ነበር። የማይታወቅ ቀይ መኪና መጣ። ካኪ ካፖርት የለበሰ ረጅም ሰው አውርዶ እየከነፈ ሄደ። ሰውየው አያንኳኳም፤ አይሄድም። ዝናቡ ጀመረ፤ ሰውየው አልተነቃነቀም። አያንቱ የምትጠብቀው የቅቤ ቀለም መኪናና ሦስት ሽማግሌዎች እንጂ ይሄን አይደለም። እናትየው ነጠላቸውን ደርበው ወጡና፣ «ማል በርባዱ፣ አባ? ምን ፈልገው ነው?» አሏቸው። ኦቦ ነገራ በወጉ መሠረት፣ በአክብሮት ኮፍያቸውን አውልቀው፣ «ጓደኞቼ እየመጡ ነው፤ እነሱ ሲደርሱ እንነግራችኋለን» አሉ። ግቡ ሲባሉም «ብቻዬን አልገባም» አሉ።

ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ይሄን ቃል በዚያ ዘመን እንዴት እንደሚሰማው አስቡት። ሆኖም ታገሡ። አያንቱ ናት የታገሠችው፤ «ምናልባት ሌላ ነገር ይሆናል፤ ጥቂት እንቆይ» ብላ አባቷን ይዛ አስቀመጠቻቸው። አንድ ሰዓት አለፈ። ከዚያም በላይ ሄደ። ሰውየው ዝናብ ላይ እንደቆመ ነው። በመጨረሻ ጎረቤቶቹ በጓሮ ወጡ። ኦቦ ፈይሳም ካፖርት እንኳ ሳይደርቡ በገብሱ ማሳ በኩል ወደ ጭልሞ ደን ገቡ። አያንቱ ሰማያዊውን ደብተር ይዛ ወደ ማድቤት ሄደች። ቢያዝ ሰው ያስይዛል፤ የጎረቤቶቹም የተሰብሳቢዎቹም ስም በዳርና ዳሩ ላይ ተጽፏል። ገጹን እየገነጠለች ምድጃ ውስጥ ከተተችው።

እኛ ስንደርስ በማድቤቱ ክዳን በኩል ጭስ ይወጣል፤ የእንጨት ጭስ አልነበረም። አጎቴ ከፊት፣ አቶ ከድር ከኋላ ጉልበታቸውን ከአገጫቸው ጋር አጣብቀው ነበር የመጡት፤ ሲወጡ ለመቆም ጊዜ ፈጀባቸው። ኦቦ ነገራ ዝናቡ ከካፖርታቸው ጫፍ እየተንጠባጠበ፣ «መጣችሁ?» አሉ። ሦስት ሆነው ተሰልፈው፣ «ልጃችሁን ለልጃችን ፈልገን መጣን» ሲሉ እናትየው አንድ በአንድ አዩአቸውና ደጃፉ ላይ ጭቃው ውስጥ ቁጭ ብለው አለቀሱ። አያንቱ ከማድቤት ወጣች። እኔ ታች መኪናው ውስጥ ሆኜ በባሕር ዛፎቹ መካከል አየኋት። እጆቿ እስከ ክርኗ ጥላሸት ነበሩ። መኪናዋን አየች፣ ከዚያ በመስታወቱ እኔን አየችኝ።

ኦቦ ፈይሳ ደን ውስጥ ሦስት ቀን ቆዩ። የወንድሞቻቸው ልጆች ሲጠሯቸው ተገደው የሚጣሩ መስሏቸው አልመለሱም። በሦስተኛው ቀን እየሳሉ፣ ትኩሳት ይዟቸው መጡ። ነገሩን ሲነግሯቸው መጀመሪያ ሳሉ፣ ከዚያ ሳቁ። «ሊድር ሲገባው የሸሸ አባት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም» አሉ። ይቅር አሉኝ፤ ሰው ልከው «ልጁ አይጨነቅ፤ መዝሙር የሰጠ አምላክ አለ» አስባሉኝ። ያስታወሱትን መዝሙር እያዜሙ ለአያንቱ አጻፏት። ሠላሳ ያህል ተገኘ። ሌላው አልተገኘም። ግማሽ ስንኝ ይዘው ቀሪው ጠፍቶባቸው ቀኑን ሙሉ ሲያንጎራጉሩ ይውሉ ነበር አሉ፤ ይኼን የሰማሁ ቀን መኪናዋን ከግቢ አላወጣኋትም።

አያንቱን ያገኘኋት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ ጊንጪ ገበያ ዳር፣ የስንዴ ጆንያ የሚጫንበት ቦታ። እጆቿን ነጠላዋ ሥር ደብቃ ነበር። «አባባ ይቅር ብሎሃል» አለችኝ። «ስለ መኪናዋ ቃልህን ማጠፍህንም እኔ ይቅር ልልህ እችላለሁ። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ስትደርሱ እሳቱ ገና እየነደደ ነበር። የመጨረሻዎቹ ገጾች አልተያያዙም ነበር። ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ብትመጡ ደብተሩ ይተርፍ ነበር። ምን አቆየህ?» «ኬላው» አልኳት። ዓይኖቼን አየቻቸው። «ኬላውን ማን ይወቅሰዋል» አለችና ወደ ሰዉ መሐል ገባች። ከዚያ በኋላ ሽማግሌ ብልክም መልሱ አንድ ሆነ፤ አልፈልግም ብላለች።

ኬላው ያን ቀን አምስት ደቂቃ አላቆየኝም። ጠባቂው ያውቀኝ ነበር፤ እጁን አውለብልቦ ነው ያሳለፈኝ። ኦቦ ነገራን አውርጄ ብቻዬን ስመለስ መኪናዋ ቀለለች። መንገዱ ባዶ ነበር። አምቦ ስደርስ ሁለቱ ሽማግሌዎች ሱቁ በር ላይ እየጠበቁኝ መሆናቸውን አውቃለሁ፤ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ሾልኬ በማዶ ወጣሁና ወደ ጉደር ቁልቁለት ነዳኋት። አንዴ ብቻ፣ የእኔ ከሆነች በኋላ አንዴ ብቻ፣ እነዚያን ኩርባዎች ልያቸው ብዬ። ጉደር ድልድይ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ኦቦ ነገራ ዝናብ ላይ ቆመው፣ አያንቱ አባቷን «ጥቂት እንቆይ» እያለች፣ እኔ እያፏጨሁ ነበር። ይኼን ለሚስቴም አልተናገርኩም። ቀይዋ ጎማ ጠፍቶላት፣ ዶሮ እንቁላል ጥላባት፣ ያ መንግሥት ሊወድቅ ሲል ለአንድ የአዲስ አበባ ሰው ተሸጣ ስትሄድም አብሮኝ ቀረ።

ሌንሴ ባለፈው ቅዳሜ ተመልሳ መጣች። የእኔን መልስ ሳትጠብቅ ገዝታለች፤ ትንሿን። ቀይ አይደለችም፣ ብርማ ናት። «ተቆጡኝ እንዴ፣ ኤሱማ?» አለች። አልተቆጣሁም። የፊቱን በር ስትከፍትልኝ ወንበሩን ወደፊት ገፍቼ ወደ ኋላ ገባሁ። «ኧረ እዚያ አይመችዎትም!» አለች። በእርግጥም አይመችም። ጉልበቴ አገጬ ጋ ደረሰ፣ አንገቴ ታጠፈ፣ መንገዱን ማየት አልቻልኩም። በነዳሁባቸው ዓመታት ሁሉ በራሴ መኪና የኋላ ወንበር ላይ አንድም ቀን ተቀምጬ አላውቅም ነበር። «ወዴት ልውሰድዎት?» ስትለኝ «ጊንጪ» አልኳት። «ቀስ ብለሽ ንጂ።»

ባሕር ዛፎቹ ተቆርጠዋል፤ አጥሩ አሁን ቆርቆሮ ነው። ሌንሴ እጄን ይዛ ጎትታ አወጣችኝና አስፋልቱ ዳር ቀረች። ደጁ ላይ ቆምኩ። ኦቦ ነገራ የቆሙበትን ቦታ በዓይኔ ፈለግኩት፤ የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። እግሬ መሬቱን መደብደብ ጀምሮ ነበር። አንኳኳሁ።

«ማነው?» አለ ከውስጥ ድምጿ።

«ገመቹ ነኝ» አልኩ። «ብቻዬን ነኝ፤ ከኋላዬ የሚመጣ ሰው የለም።»

በሩን ከፈተችው። አንድ ዓይኗ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል፤ በሌላው አየችኝ።

«ኬላው አልነበረም፣ አያንቱ። ጉደር ሄጄ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች። «የመኪናህ ድምፅ ከሱቁ ጓሮ በኩል ወደ ጉደር ሲያልፍ አቶ ከድር ሰምተውታል። በዚያው ሰሞን መጥተው ለአባባ ነግረውት ነበር። ገበያው ዳር ስጠይቅህም አውቅ ነበር። ካንተ አፍ ብሰማው ላገባህ ነው የመጣሁት።»

ልመለስ ዞርኩ።

«ወዴት ነው ደግሞ?» አለችኝ። በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ ከጥግ በርጩማ ሳበች። «ግባ። ቁጭ በል። እግርህንም አሳርፈው።»